የእንግሊዝ ባቡር፦ ከአምስት ኮከብ ሁለት፣ አንዷም የጋርዷ ናት

ሰው ስለ ምግብ ቤትና ስለ ስልክ ሪቪው ይጽፋል። እኔ ስለ ባቡር ልጻፍ። እንግሊዝ አገር ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው፤ መኪና የለኝም፤ እንደ እህቴ የማያት ጓደኛዬ በርሚንግሃም ስለምትኖር በዓመት ስድስት ሰባቴ ከለንደን እመላለሳለሁ። ስለዚህ አፌን ሞልቼ ባወራ አይፈረድብኝም።

የካምፓኒ ስም አልጠራም። በዚህ መስመር ብቻ ሦስት ካምፓኒዎች ባቡር ያስኬዳሉ፣ የትኛው እንዳንገላታኝ መገመት የናንተ ፋንታ ነው። ሰዓቱን ደግሞ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ባቡሩ ራሱ ግን በሐበሻ ቀጠሮ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ ሁሉም የሚጠይቀኝን ልመልስ፣ "አድማው አለቀ ወይ?" የሚለውን። ትልቁ አልቋል። የጀመረው ጁን 21፣ 2022 ነበር። አር ኤም ቲ የሚባለው ማኅበር ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞችን ይዞ ወጣ፣ በ30 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አልታየም ተባለ። የያኔው መሪው ሚክ ሊንች በየቴሌቪዥኑ እየቀረበ ጋዜጠኛውን ሲያፋጥጥ ከፖለቲካ ጋር ዝምድና የሌለው ሰው ሁሉ ወደደው። ቀጥሎ የሹፌሮቹ ማኅበር አዝሌፍ ገባበት። አንድ ሳምንት እነዚህ፣ ሌላ ሳምንት እነዚያ፣ እንዲህ እያለ ከሁለት ዓመት በላይ ተጎተተ። የደመወዝ ጥያቄ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር የዋጋ ንረቱ 11.1 ከመቶ ገብቶ ስለነበር ማንም ቢጠይቅ አይገርምም። ግን ጋርድ፣ ማለት ባቡሩ ውስጥ በሩንና ተሳፋሪውን የሚከታተለው ሠራተኛ፣ ይቀነስ፣ የቲኬት መስኮት ይዘጋ የሚል ነገርም ነበረበት፣ እሱን ወሬው ብዙም አላነሳውም። የሹፌሮቹ ጉዳይ የተዘጋው መንግሥት ከተቀየረ በኋላ፣ በ2024፣ በሦስት ዓመት የተከፋፈለ ወደ 15 ከመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ተሰጥቷቸው ነው። ከዚያ ወዲህ እዚህም እዚያም ትንንሽ አድማ አይጠፋም።

አሁን ሰው የሚያናድድ ነገር ልናገር። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ካየሁት የባቡር ቀን ሁሉ ያልዋሸኝ የአድማ ቀን ነው።

የምሬን ነው። ያኔ በነበረው ሕግ ማኅበሩ አድማ ከመምታቱ ከ14 ቀን በፊት ለአሠሪው ማሳወቅ ነበረበት። ዜናው ይናገራል፣ ጣቢያው ላይ ይለጠፋል፣ ቲኬት ከቆረጥሽ ኢሜይል ይመጣል። መሄድ ካልፈለግሽ ሙሉ ገንዘብሽ ይመለሳል፣ ተቀናሽ የለውም። ጁን 25፣ 2022፣ የዚያ ሳምንት ሦስተኛው የአድማ ቀን፣ ቅዳሜ፣ በርሚንግሃም ሰርግ ነበረብኝ። ስላወቅሁት ቀድሜ የአውቶብስ ቲኬት ቆረጥኩ። ከቪክቶሪያ አውቶብስ ጣቢያ በሰዓቱ ተነሳ፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ እንቅልፌን ለጠጥኩ፣ አዳራሽ ስደርስ ሙሽራዋ ገና ፀጉሯን እየተሠራች ነበር። የአድማው ቀን ምን አደረገኝ? ምንም።

ተራው ቀን ነው ጉድ የሚሠራሽ።

ባለፈው ኅዳር ያቺው ጓደኛዬ ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያ ቀኗ ደረሰ። ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ። ባቡር ተሰረዘ ተብሎ ሰማንያ ቀን ወደ ሰማንያ ሁለት አይገፋም፣ ቄሶቹም አይጠብቁም። ሥርዓቱ እሑድ ንጋት ላይ ስለሆነ ቅዳሜ ማታ ገብቼ ማደር ነበረብኝ። የ6:30ውን ባቡር ያዝኩ፤ ቀደም ብዬ ስለቆረጥኩት በ17 ፓውንድ፣ ማለፊያ ዋጋ ነው። 8:50 እደርሳለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ እተኛለሁ ብዬ ነበር። ሻንጣ ይዣለሁ፣ በሌላው እጄ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሳቦካና ስጋግር ያደርኩበትን ድፎ ዳቦ፣ በአሉሚኒየም ጠቅልዬ በነጭ ፎጣ አስሬ።

6:10 ላይ ቦርዱ "በሰዓቱ" ይላል። 6:22 ላይም "በሰዓቱ" ይላል። 6:27 ላይ "ተሰርዟል"። ምክንያት፦ የሠራተኛ እጥረት።

እዚች ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህቺን ማስታወቂያ ሲሰማ "አይ፣ ዛሬም አድማ ነው" ይላል። አይደለም። እዚህ አገር ብዙዎቹ ካምፓኒዎች የሚያስፈልጋቸውን ያህል ሹፌር ቀጥረው አያውቁም። ሹፌሩ በእረፍት ቀኑ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ ይለምኑታል፣ የሰዓት ሰሌዳውን የሚያወጡትም እሺ ይላል ብለው ነው። በብዙ ቦታ እሑድ ራሱ የመደበኛ የሥራ ሳምንት አካል አይደለም። እሺ ካለ ባቡሩ ይሄዳል። ልጁን ኳስ ሜዳ ከወሰደ አይሄድም። ሰውየው ምንም አላጠፋም፣ እረፍቱ ነው! ለአራት ሰው ሦስት እንጀራ ጋግረሽ አራተኛው እንግዳ እንዳይመጣ እንደመጸለይ ነው።

ደግሞ አንድ ዓይን ያወጣ ነገር ልጨምር። ባቡሩ የተሰረዘው ከዋዜማው ማታ 10 ሰዓት በፊት ከሆነ በመደበኛው የስረዛ ቁጥር ውስጥ አይቆጠርም ነበር፤ ቀድሞውኑ ሰሌዳው ላይ እንዳልነበረ ነው የሚታየው። የባቡር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2023 ይሄ ነገር ትክክለኛውን ሥዕል ይደብቃል ብሎ ተናግሮበታል። ጣቢያው ላይ ቆመሽ የቀረሽው አንቺ ግን እየቆጠርሽ ነው።

ወደ ማታዬ ልመለስ። የሁለት ባቡር ሰው በሚቀጥለው በአንዱ ገባ። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ያደገ ሰው ለመጋፋት ባዳ አይደለም፣ ግን ዳቦ ይዤ ነው! የቆምኩት ሽንት ቤቱ በር ላይ ነው። ያን ትልቁን፣ ቁልፍ ሲጫኑት የሚከፈተውን፣ እንደ ቲያትር መጋረጃ ቀስ ብሎ የሚንሸራተተውን በር ታውቁታላችሁ? አንድ ጎረምሳ ገባ፣ መዝጊያውን ተጫነ፣ መቆለፊያውን ረሳ። ቀጥላ የመጣችው ሴትዮ ስትጫነው በሩ እየተንሸራተተ፣ እየተንሸራተተ... ልጁ ከውስጥ "ኖ! ኖ! ኖ!" ይላል፣ በሩ ግን አንዴ ከጀመረ አይመለስም። ሃያ ሰው ባንድ ላይ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ባቡሩ ቆመ። ጨለማ፣ ሜዳ፣ በመስኮት የሚታየው የራሳችን ፊት ብቻ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው በቴፕ የተቀዳ ይቅርታ ነው፣ ማንም ይቅርታ ሳይጠይቅሽ። ያን ቀን ግን ጋርድ ነበረች። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ወፍራም ሴትዮ ከሰው መሐል እየተሹለከለከች መጣችና "ባቡሩ ተበላሽቷል። መቼ እንደሚነሳ እኔም አላውቅም። በየሩብ ሰዓቱ እየመጣሁ የማውቀውን እነግራችኋለሁ" አለች። መጣችም። በየሩብ ሰዓቱ! አንዳንዴ "አዲስ ነገር የለም" ለማለት ብቻ። ሁለተኛ ስትመጣ ውሃ ይዛ ነበር። ሦስተኛ ስትመጣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ ወይ፣ ሕፃን የያዘ አለ ወይ እያለች ጠየቀች። ሁለቱን ዓመት "ጋርድ ምን ያደርጋል፣ ሹፌሩ በሩን መዝጋት ይችል የለም እንዴ" ሲባል የነበረው ይህቺን ሴትዮ ነው። አንዷን ኮከብ ያላንዳች ክርክር ወስዳለች።

11 ሰዓት አካባቢ እየጎተተ አንድ ትንሽ ጣቢያ አደረሰን፣ ሁላችሁም ውረዱ ተባለ። ዛሬ ከዚህ የሚነሳ ሌላ ባቡር የለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ መብት አለሽ፦ መንገድ ላይ ጥሎሽ ከቀረ፣ የሚችል ከሆነ ካምፓኒው ወደ መድረሻሽ ማድረስ፣ ካልሆነም ማሳደር አለበት። ይሄን ሳያውቁ ከኪሳቸው ታክሲ ከፍለው የሄዱ ሰዎች አሉ። ጋርዷ በየአቅጣጫችን አራት አራት አድርጋ ታክሲ ደለደለችን፣ የኔ ተራ ሲደርስ እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረው።

ታክሲ ውስጥ አራት ሆንን። ማሞቂያው ሲነሳ የዳቦው ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ታክሲዋን ሞላት። ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ምንም ያልቀመሱ ሦስት ሰዎች ዝም ብለው ጭኔን ያያሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ከኪሳቸው የድንች ቺፕስ አውጥተው "ውሰጂ" አሉኝ። የአይብና የሽንኩርት ቺፕስ። የነቢያት ጾም ገብቷል። አመስግኜ እምቢ አልኩ። እንግዲህ ሰው ያለውን ሲያካፍልሽ፣ አንቺ ደግሞ ሦስት ኪሎ ትኩስ ዳቦ ታቅፈሽ እምቢ ስትይ፣ እና ዳቦውንም ቆርሰሽ ሳትሰጪ ስትቀሪ እንዴት እንደሚያሳፍር! "የክርስትና ነው፣ ቄስ ሳይባርከው አይቆረስም" ብዬ አስረዳሁ። ሰውየው ትንሽ አሰቡና "የኔ እናት ብትሆንም እንደዚያው ትል ነበር" አሉ። ከዚያ ሹፌሩ አደባባይ ላይ በዞረ ቁጥር በአንድ እጃቸው ዳቦውን ደገፍ ያደርጉልኝ ነበር።

የገባሁት ከሌሊቱ 1:20 ነው። አራት ሰዓት ተኩል ዘግይቼ። ሦስት ሰዓት ተኛሁ። ቤተ ክርስቲያን ልጅቷን ታቅፌ ስቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ዲያቆኑ ሁለቴ ነው የጠራኝ። ዳቦው ግን አንድ ጫፉ እንኳ አልተሰበረም።

እሺ፣ ወደ ዋጋው። ለዋጋው ኮከብ አልሰጥም፣ ከአምስት ዜሮ። 2023 ላይ 5.9 ከመቶ ጨመሩ፣ በ2024 4.9፣ በ2025 4.6። ለ2026 መንግሥት የሚቆጣጠራቸው ታሪፎች ባሉበት ይቆያሉ ተብሏል፣ በ30 ዓመት የመጀመሪያው ነው፣ እሰየው። የኔ ችግር ግን ውድነቱ ብቻ አይደለም። አንድ ወንበር፣ አንድ ባቡር፣ አጠገብ ላጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን አራት እጥፍ ከፍሎ ይሆናል። መርካቶ ብትሆኚ ቢያንስ ተከራክረሽ ነው። አድቫንስ የሚባለው ርካሽ ነው፣ ግን ለዚያች ባቡር ብቻ ነው። ኦፍ ፒክ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት የሚሠራው፣ ትንሽ ነፃነት አለው፣ ሰዓቱን ካወቅሽው። ኤኒታይም የሚባለውን፣ በፈለግሽው ሰዓት የሚያሳፍርሽን፣ ዋጋውን ስታዪ ባቡሩን የገዛሽ ነው የሚመስልሽ።

በዚያ ላይ ጉዞሽን ቆራርጠሽ ስትገዢ የሚረክስበት ጊዜ አለ። ከለንደን እስከ መሐል ከተማ አንድ ቲኬት፣ ከዚያ እስከ መድረሻሽ ሌላ፣ ያው ባቡር፣ ሳትወርጂ። ሕጋዊ ነው፤ ባቡሩ እዚያች መሐል ጣቢያ መቆሙን ብቻ አረጋግጪ። ለምን ይረክሳል? ዋጋው ባለፉት ሠላሳ ዓመታት አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረተ የመጣ ስለሆነ ነው፤ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ያሰበበት ሰው የለም።

ሬይልካርድ ግን አውጡ። አብዛኛዎቹ 35 ፓውንድ ናቸው፣ ሲሶ ይቀንሳሉ፣ በሁለት ሦስት ጉዞ ዋጋቸውን ይመልሳሉ። ለተማሪ ወንድምና እህቶቼ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ከ16 እስከ 25 ዓመት ላሉት የሚሰጠው ካርድ በሥራ ቀን ጠዋት ከ10 ሰዓት በፊት ከ12 ፓውንድ በታች ለሆነ ቲኬት አይሠራም፣ ጁላይና ኦገስት ላይ ግን ይፈቀዳል። ይሄን ባለማወቅ ብዙ ልጅ ተይዟል። የቅጣቱ ታሪፍ ደግሞ 100 ፓውንድ ነው፣ የቲኬቱ ዋጋ ሲደመር፤ በ21 ቀን ውስጥ ከከፈልሽ መቶው በግማሽ ይቀንሳል። ተቆጣጣሪው ፊት "አላወቅሁም" ማለት ዋጋ የለውም።

እናቴ ለጥየቃ ስትመጣ ይህንን ሁሉ እንዴት ልንገራት? እሷ የምታውቀው መስኮት ነው። ከመስተዋቱ ጀርባ ሰው ካለ፣ የከተማውን ስም ትላለች፣ ብሯን ትዘረጋለች፣ ሰውየው ርካሹን ይመርጥላታል፣ በጣቱ ፕላትፎርሙን ያሳያታል። በ2023 በእንግሊዝ ያሉትን እነዚህን መስኮቶች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሊዘጉ ነበር። ወደ 750 ሺህ አስተያየት ጎረፈባቸው፣ በኦክቶበር መጨረሻ ሐሳቡን ተዉት። አንዱ አስተያየት የኔ ነው። ይሄን ጉዳይ መጀመሪያ ጮኸው የተቃወሙት እነዚያው "ሕዝቡን አስቸገሩ" የተባሉት አድመኞች ነበሩ፣ ይመዝገብልኝ።

አድመኞች ስል፣ "60 ሺህ እየበሉ አድማ!" የሚል ወሬ ሰምታችኋል። እሱ የሹፌር የዓመት ደመወዝ ነው። የማውቃት አንዲት ሐበሻ ሌሊት ሌሊት ባቡር ታጸዳለች፤ እሷ የምታገኘው ከዚያ ግማሹን አይሞላም፣ አድማ የወጣችበት ቀን ደግሞ ደመወዝ የለም። "ለሁለት ቀን ወጣሁ፣ ሦስተኛውን ኪራዬ አላስወጣኝም" ብላኛለች። እኔ በሷ ለመናደድ ፊት የለኝም።

አሁን ደግሞ መንግሥት ካምፓኒዎቹን አንድ በአንድ መልሶ እየወሰደ ነው፣ ውላቸው ሲያልቅ። ሕጉ በ2024 ወጣ። በዚያ ሕግ የመጀመሪያው በሜይ 25፣ 2025 ከለንደን ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄደው ነበር፤ በዚያች የመጀመሪያ ጠዋት፣ ሐዲድ እየተጠገነ ስለነበር፣ ከጉዞው ከፊሉ በምትክ አውቶብስ ሆነ። አልቀለድኩም። ሁሉም ተጠቃልሎ "ታላቋ ብሪታንያ ምድር ባቡር" እንደማለት ያለ ስም ይሰጠዋል ተብሏል። ተስፋ አደርጋለሁ፣ ግን ስም ሲቀየር ሹፌር አይጨመርም። ፈጣኑን አዲስ መስመርማ አታንሱብኝ፤ በ2023 ከበርሚንግሃም ማንችስተር የሚወስደውን ክፍል ሲሰርዙት፣ መሰረዙን ያወጁት ማንችስተር ሄደው ነው፣ ድሮ ባቡር ጣቢያ በነበረ አዳራሽ ውስጥ።

ሁለተኛዋን ኮከብ ለምን ሰጠሁ? ሲሠራ ስለሚያምር። ማለዳ፣ መስኮት ሥር፣ ፔርሙዝ ቡና ይዘሽ፣ ሜዳው ላይ ጉም ተኝቶ፣ በጎቹ እንደ ጥጥ ተበትነው፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ። አውቶብስ ይሄን አይሰጥሽም። የሚያናድደኝም እሱ ነው፣ ሲፈልጉ ይችሉበታል።

የዘገየሽበትን ገንዘብ ጠይቂ፣ አትተዪው። 28 ቀን አለሽ። በብዙዎቹ ካምፓኒዎች ከ15 ደቂቃ ጀምሮ ሩብ፣ ከግማሽ ሰዓት ግማሽ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የዚያ ጉዞ ሙሉ ዋጋ ይመለሳል። ቲኬትሽን ፎቶ አንሺው፣ በሩ ላይ ያለው ማሽን ከመዋጡ በፊት። እኔ በማግስቱ ሞላሁ። የመጀመሪያው መልስ "ባቡሩ 40 ደቂቃ ነው የዘገየው" የሚል ነበር፣ ማለትም የተሰረዘውን ረስተው፣ የተበላሸውን ረስተው፣ ታክሲውንም ረስተው። የታክሲዋን ፎቶና ሰዓቱን አያይዤ መልሼ ላክሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ 17 ፓውንዴ ገባ።

ልጅቷ በሚቀጥለው ወር ስድስት ወር ይሞላታል፣ ልጠይቃት እሄዳለሁ። የአውቶብሱን ዋጋ አየሁ፣ የባቡሩንም አየሁ። ቅዳሜ ጠዋት 8:10፣ መስኮት ሥር፣ በባቡር። ዳቦ አልይዝም።